ማሳ ላይ የሚሻግተውን በቆሎ በመሰብሰቢያ ጊዜ ያስተካከልንበት መንገድ

ሻጋታው የሚጀምረው ጎተራ ውስጥ ሳይሆን ማሳ ላይ ነበር፤ የደረሰው በቆሎ ቆሞ ይድረቅ ተብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ነቀዝና ያልታሰበ ዝናብ ያገኘዋል። መፍትሔው ቀድሞ መሰብሰብ ሆነ። ፍሬውን ፈልቅቃችሁ ከቆረቆንዳው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ ስትፍቁት ጥቁር ነጥብ ከታየ ደርሷል። እርጥበቱ ያኔ ከ30 በመቶ በላይ ሊሆን ስለሚችል ወደ 20–25 ሲወርድ ሰብስቡ። ግን በዚህ እርጥበት ተከምሮ ካደረ ይግላል፣ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው ሻጋታም ይፋጠናል። ስለዚህ በዕለቱ የተነቀዘውንና የሻገተውን ለይታችሁ ቀሪውን ሸራ ላይ በስሱ አስጡት። ሳይደርቅ በዱላ አትውቁት፤ ሻጋታ በተሰነጠቀ ፍሬ ቶሎ ይገባል። እርጥበቱ 13 በመቶ ሲደርስ ይከተታል። መለኪያ ከሌለ እህሉን ከደረቅ ጨው ጋር ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ነቅንቁ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። የገባ መርዝ በማድረቅም በመቀቀልም አይወጣም፤ የሻገተውን ለምትታለብ ላም እንኳ አትስጡ፣ በወተቷ ይመለሳልና።