የይርጋጨፌን ቡና ሳያበላሹ በቤት ቆልቶ ማፍላት

ይርጋጨፌ በሚገኝበት በጌዴኦ በእንሰትና በጥላ ዛፎች ሥር ቡና የሚያለማው አብዛኛው አርሶ አደር ይዞታው ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው። ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው እየለየ ይለቅማል፤ ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አስረክቦ የሚወጣው ጥሬ ቡና አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። ያን ያህል የተደከመበትን ቡና እኛ እዚህ ሱሉልታ በአሥር ደቂቃ ምጣድ ላይ ልናቃጥለው እንችላለን።

ሲገዙ ሻጩን የየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ ቡና እንደሆነ፣ የታጠበ ወይም ከነገለፈቱ የደረቀ መሆኑን፣ የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነም ይጠይቁት። «ይርጋጨፌ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሻጭ አልመለሰልዎትም። «የአንድ ገበሬ ቡና ብቻ ነው» የሚለውንም ቢሆን ጠርጥሩት፤ በአንድ ጣቢያ የብዙ ቤተሰቦች እሸት በአንድነት ስለሚታጠብ እንዲህ ተለይቶ የሚወጣው ጥቂቱ ነው።

ጥሬ ቡና በውስጡ ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ሊኖረው ይገባል። የሱሉልታ ክረምት ደግሞ ለዚህ ጠላት ነው። እኔ አንድ ዓመት አምስት ኪሎ በማዳበሪያ ከረጢት እንዳለ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ አስቀምጬ መስከረም ላይ ስከፍተው ፍሬው ነጣ ነጣ ብሎ የጓዳ ሽታ ይዞ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በወፍራም ላስቲክ አስሬ፣ ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ሽታ ካለው ነገር አርቄ አስቀምጣለሁ።

ለቀማውን በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በሰፌድ ያድርጉት። በቅምሻ ከ100 ውስጥ 80 ነጥብና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ሲመዘን በ350 ግራም ናሙና ውስጥ አንድም ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ፍሬ እንዲገኝ አይፈቀድም፤ ለቤትም ይኸው መለኪያ ይበጃል። የጠቆረውን፣ የተሰበረውንና በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ያለውን ያውጡ። አንድ ብል የበሳው ፍሬ ሙሉውን ጀበና ባያበላሽም ሦስት አራት ሲሆኑ በአፍ ይታወቃል።

ከታጠበ በኋላ ውሃው በደንብ የጠፈፈ 200 ግራም ቡና በጋለ ወፍራም ብረት ምጣድ ላይ አድርገው ያለማቋረጥ ያማስሉ። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ የዳቦ ሽታ ይሰጣል፤ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ደግሞ መንጣጣት ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንጣጣቱ ከተጀመረ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቆይተው፣ ፍሬው ቅባት ሳያወጣ፣ ወደ ሰፌድ ገልብጠው እያራገቡ ያቀዝቅዙት። ሚዛን ካለዎት 200 ግራሙ ወደ 170 ወይም 175 ግራም መውረድ አለበት፤ ከ165 በታች ከሆነ አሳርረውታል። ጎረቤቴ እትዬ እንዲህ የተቆላውን አንሥታ ነክሳ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና ጥሬ ነው» ብላኛለች፤ ዓይኗ የለመደው ጥቁሩን ስለሆነ አልፈርድባትም። ነገር ግን የይርጋጨፌ የአበባና የሎሚ ሽታ የሚጠፋው ከዚያ ጥቁረት ጋር ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ነጥተው የቀሩትን ፍሬዎች ይልቀሙ፤ ሳይበስሉ የተለቀሙ እሸቶች ናቸውና ጣዕማቸው የወረቀት ነው።

ሳይቀዘቅዝ ወቅጦ ማፍላት ደንባችን ቢሆንም፣ ይህን ቡና ለአንድ ቀን ቢያሳድሩት ይሻላል። ለግማሽ ሊትር ጀበና 30 ግራም ይበቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ስለምትል ሙቀቱ ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ሲፈላ ቡናውን ሳይዘገዩ ይጨምሩ፤ አንድ ጊዜ ገንፍሎ ሲወጣ ጀበናውን ከእሳት ያውርዱና አተላው እስኪሰክን አራት አምስት ደቂቃ ዘንበል አድርገው ያቆዩት። አቦሉን ያለ ስኳር ይቅመሱት፤ የሎሚው ጣዕም ይበልጥ የሚሰማው ስኒው ለብ ሲል ነው።