በየወሩ እየከፈሉ መጥሪያ ሲመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ከአበዳሪዎ ጋር ተነጋግረው፣ ዕዳው በየወሩ እንዲከፈል ተስማምተው እየከፈሉ ነው። አንድ ቀን ማታ ሲገቡ የግቢው ዘበኛ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይሰጥዎታል። ክብ ማኅተም አለው፣ የመዝገብ ቁጥር አለው፣ «ተከሳሽ» ከሚለው ጎን የእርስዎ ስም አለ። ይህ ጽሑፍ ከዚያች ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት መጥሪያው ይጀምራል። ብድር፣ ዋስና ውል ምን እንደሆኑ አናብራራም፤ ገንዘብ የተበደረ ሰው ያውቀዋል።

ምልክት፦ «ተስማምተን የለም እንዴ?» ብለው መጥሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተዋል

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይኸው ስለሆነ ረዘም ይላል።

መንስኤው ቀላል ነው። የክፍያ ስምምነት ክስን የሚያስቆም የእግድ ትእዛዝ አይደለም። አበዳሪው መዝገብ ሲያስከፍት ሬጅስትራሩ (መዝገብ የሚከፍተው የፍርድ ቤት ክፍል) «ተስማምታችኋል ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም። ስምምነቱ የሚሠራው እርስዎ በጽሑፍ መልስዎ ላይ ሲያነሱትና ሲያያይዙት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ተንኮል እንኳን የለበትም፦ የባንኩ ቅርንጫፍ ክፍያ ሲቀበል የሕግ ክፍሉ ክስ ያዘጋጃል፤ ጠበቃው የተሰጠው የመጀመሪያው ውል ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ሆን ብሎ ነው፤ በአንድ እጁ ወርሃዊውን ይቀበላል፣ በሌላው መጥሪያ ያስልካል።

መጥሪያው በአግባቡ ደርሶ ተከሳሽ ካልቀረበ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 70 መሠረት ክሱ በሌለበት ይሰማል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ምን እንዳለ ያስቡት። 300,000 ብር ተበድረው፣ በወር 20,000 ለ9 ወር ከፍለው 120,000 ቀርቶዎታል እንበል። ዳኛው የሚያየው 300,000 የሚል ውል ነው። ከዚያ ላይ በሕጉ 9 በመቶ ወለድ፣ የዳኝነት ክፍያና የጠበቃ አበል ይደመራል። የከፈሉት 180,000 መዝገቡ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ለፍርዱ አልተከፈለም።

ደውለው ሲጠይቁ አበዳሪው «ተወው፣ ጠበቃው ተሳስቶ ነው፣ አስነሳዋለሁ» ይላል። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከመጥሪያው በላይ ታስፈራለች። ክስ የሚቋረጠው ከሳሹ ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። የትእዛዙን ግልባጭ ካልያዙ ክሱ አለ። መጥሪያን በስልክ አይዝጉት።

መፍትሄው የሚጀምረው በዚያው ቀን ነው። መጥሪያው ጀርባ ላይ መቼና በማን እጅ እንደደረሰዎ ይጻፉ፤ በኋላ ይጠቅማል። በማግስቱ መጥሪያው ላይ ወደተጻፈው የፍርድ ቤት ምድብ ይሂዱ። አዲስ አበባ ከሆነ ልደታ ይሁን አራዳ፣ ቂርቆስ ይሁን ቦሌ በደንብ ያንብቡ፤ ልደታ ተሰልፎ ውሎ አራዳ ነው የተባለ ሰው ብዙ ነው። የክሱ ማመልከቻና የከሳሽ ማስረጃ ከመጥሪያው ጋር ካልደረሰዎ ከመዝገብ ቤት ይጠይቁ።

መጥሪያው ላይ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል፦ መልስ የሚቀርብበትና ክርክሩ የሚሰማበት። ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያያል። በሁለተኛው ቀን ሱፉን ለብሶ፣ ደረሰኙን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ከችሎት የሚሰማው ግን «መልስ የማቅረብ መብቱ ታልፏል» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ቀን ያክብሩ።

መልሱ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከተቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ በችኮላ «ዕዳውን አምናለሁ፣ ነገር ግን እየከፈልኩ ስለሆነ ጊዜ ይሰጠኝ» ብሎ ይጽፍልዎታል። ይህ በሙሉው ገንዘብ ላይ የተሰጠ እምነት ነው፤ በታመነ ነገር ደግሞ ፍርድ ይሰጣል። የሚታመነው መበደር ነው፣ የሚካደው ቁጥሩ ነው። እንዲህ ይጻፍ፦ ብድሩ 300,000 ነበር፤ በዚህ ቀን በተፈረመ ስምምነት የመክፈያ ጊዜው ተለውጧል፤ 180,000 ተከፍሏል፤ ቀሪው 120,000 በስምምነቱ መሠረት ገና የመክፈያ ጊዜው አልደረሰም፤ ስለዚህ ክሱ ውድቅ ይደረግ፣ ይህ ቢታለፍ እንኳ ከ120,000 በላይ አልጠየቅም፣ ወጪና ኪሣራም ከሳሹ ይቻል። ከሥር የማስረጃ ዝርዝር ይከተላል። ለፍርድ ቤቱና ለእያንዳንዱ ከሳሽ አንዳንድ ቅጂ፤ ዋናዎቹን ለማመሳከር በቀጠሮው ቀን ይዘው ይቅረቡ።

አልፎዎት ከሆነስ? ክርክሩ ሳያልቅ ከደረሱ ለመቅረትዎ በቂ ምክንያት አሳይተው ይግቡ። ፍርድ ከተሰጠ አንቀጽ 78 አለ፦ ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ1 ወር ውስጥ፣ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት፣ በቃለ መሐላ አስደግፈው እንዲነሣ ያመለክታሉ። የሚቀበለው ሁለት ምክንያት ነው፦ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰም፣ ወይም በቂ እክል ነበር። «ተስማምተናል ብዬ ነው» እክል አይባልም። ባለቤትዎ ፈርማ የተቀበለችውን መጥሪያ «አላየሁትም» ማለትም ቃለ መሐላ ላይ የሚጻፍ ውሸት ነው፤ አያዋጣም። የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው።

ምልክት፦ ከፍለዋል፣ ግን «አልተቀበልኩም» ተብሏል

ሁለተኛው ቁስል ይህ ነው፤ ከመርካቶ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባለው የነጋዴ ሠፈር በሽታው የተለመደ ነው። በእጅ ይከፈላል፤ አበዳሪው ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ደብተሩ የእሱ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ ማስረዳት አይቻልም ይላል። ሰው ይህን ያውቃል። የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ደንቡ ብድሩን መክፈልንም ይመለከታል። ስለዚህ «ሲቀበል እነ እገሌ አይተዋል» ብለው አምስት ምስክር ቢቆጥሩ ሰሚ የለም። የሚቀርልዎ አበዳሪውን ማስማል ነው፤ ገንዘቡን የካደ ሰው መሐላውን ይፈራ እንደሆነ ራስዎ ይገምቱ።

በባንክ ወይም በቴሌብር ሲከፍሉ ደግሞ እነዚህ ይበላሻሉ፦

ገንዘቡ ወደ ሚስቱ፣ ወደ ልጁ ወይም ወደ ሱቅ ሠራተኛው ሒሳብ ይላካል። አበዳሪው «በዚህ ሒሳብ ይግባልኝ» ብሎ በጽሑፍ ካልሰጠ፣ የከፈሉት ለሌላ ሰው ነው።

ሲልኩ «ምክንያት» የምትለው ክፍት ቦታ ባዶ ትቀራለች፣ ወይም «ለቡና» ተብሎ ይቀለድባታል። አበዳሪው ችሎት ላይ «የሸጥኩለት ዕቃ ሒሳብ ነው» ሲል ያቺ ቦታ ትፈለጋለች። «የብድር ክፍያ፣ 7ኛ ወር» ብለው ይሙሏት። ከዚህ የረከሰ መድን የለም።

ስክሪንሾት ላይ የሚታመን አለ። ስልክ ይሰበራል፣ ምስልም ይቀየራል። ከባንኩ ማኅተም ያረፈበት የሒሳብ መግለጫ ያውጡ፤ የንግድ ባንክ ከሆነ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር በሠንጠረዥዎ ውስጥ ያስገቡ። መግለጫው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ስምምነትዎ በኢትዮጵያ። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ አለበለዚያ የመስከረም መጨረሻው ክፍያ የኦክቶበር መስሎ አንድ ወር የዘለሉ ያስመስልብዎታል።

ሌላም አለ፦ ወለድና ወጪ ያለበት ዕዳ ላይ የሚከፈለው መጀመሪያ ወጪውን፣ ቀጥሎ ወለዱን፣ በመጨረሻ ዋናውን ይነካል። ስምምነቱ ላይ «ከዋናው ዕዳ የሚቀነስ» የሚል ከሌለ የእርስዎና የአበዳሪው ድምር አይገጥምም። በግለሰብ ብድር ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል አይቻልም፤ ግን ወለዱ አስቀድሞ ከዋናው ጋር ተደምሮ ከተፈረመ ያለው የወረቀቱ ቁጥር ነው፣ ያንን መስበር ከባድ ነው።

ምልክት፦ መጥሪያው «ለመከላከል ፈቃድ» ይላል

ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት፣ ከሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 ጀምሮ ባለው የቀረበ ነው፤ በቼክ ወይም ቁርጥ ያለ ገንዘብ በሚጠቅስ የጽሑፍ ውል ላይ ይመጣል። እዚህ እንደ ሌላው ክስ ዝም ብሎ መልስ ማስገባት አይሠራም። መጀመሪያ በቃለ መሐላ የተደገፈ የመከላከያ ፈቃድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ስምምነቱና ክፍያው እዚያው ውስጥ ይገባል። ካልጠየቁ ክርክር ሳይኖር ይፈረዳል።

ምልክት፦ ስምምነት ሲፈርሙ የሰጡት ቼክ ባንክ ቀርቧል

ቼክ መያዣ አይደለም። የቀኑን ቦታ ለመጪው ሰኔ ቢሞሉትም ዛሬ ከቀረበ ዛሬ ይከፈላል። ሒሳብዎ ባዶ ከሆነ ጉዳዩ ከፍትሐ ብሔር ወጥቶ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። አዲስ የክፍያ ስምምነት ሲፈርሙ አሮጌውን ቼክ ሳይቀበሉ ከወንበሩ አይነሡ። «ቢሮ ረስቼዋለሁ» ካለ አብረው ቢሮው ይሂዱ። ባዶ ፈርሞ መስጠት የሚባለውን ነገር ደግሞ አይሞክሩት፣ ለወንድምዎም ቢሆን።

ምልክት፦ ደመወዝ ተቆረጠ፣ ሒሳብ ታገደ

ፍርድ አለ ማለት ነው፤ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱን በግድ የማስፈጸም መዝገብ፣ ተከፍቷል። መዝገቡን ይፈልጉ፣ በሌሉበት ከሆነ ከላይ ወዳለው አንቀጽ 78 ይመለሱ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 የደመወዝዎ ሁለት ሦስተኛ አይያዝም፤ ጡረታም፣ የሙያ መሣሪያም አይያዝም። የልብስ ሰፊ ሲንጀር ወይም የአናጺ መጋዝ ከተመዘገበ ሐራጁ ሳይወጣ ያመልክቱ። የተያዘው የሌላ ሰው ንብረት ከሆነ ባለቤቱ ራሱ በአንቀጽ 418 ይቃወማል፤ እርስዎ አይደሉም። ከፍርድ በኋላ በጎን የሚከፍሉትን ሁሉ በዚያው ቀን ለአፈጻጸም ችሎቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። ንብረት መደበቅ አይታሰብም፤ መክፈል እየቻለ እምቢ ያለ ባለዕዳ ሊታሰር ይችላል።

የሚበጀው ጥገና

ከሳሹም ቢሆን ገንዘቡን ነው የሚፈልገው። ክርክሩ በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆን፣ የክፍያ ስምምነቱን ከሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 274 ጀምሮ ባለው የዕርቅ ሥርዓት መዝገቡ ውስጥ ያስገቡት። በአዋጅ 1234/2013 የተቋቋመው ፍርድ ቤት መር ማስማማትም (ፍርድ ቤቱ ተከራካሪዎችን ወደ አስማሚ የሚመራበት) ለዚሁ ይጠቅማል። ስምምነቱ ላይ የወሩ መጠን፣ ቀኑ (ወር በገባ በ5ኛው ቀን እንጂ «በወሩ መጨረሻ» አይባልም)፣ የሚከፈልበት ሒሳብ ቁጥር፣ ስንት ወር ሲዘለል ስምምነቱ እንደሚፈርስ፣ የወለዱ መቆም ይጻፍ። ከፍርድ ቤት ውጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ቢቻል ውልና ማስረጃ ይረጋገጥ። ማስጠንቀቂያ፦ ፍርድ ቤት የመዘገበው ዕርቅ ከፈረሰ አዲስ ክስ የለም፤ ቀጥታ አፈጻጸም ነው። የማይችሉትን ቁጥር አይፈርሙ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ቤት በባንክ መያዣ ከሆነ መጥሪያ አይጠብቁ፤ በአዋጅ 97/1990 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። ያቺ ደብዳቤ የእርስዎ መጥሪያ ናት።

ዋስዎ ብቻውን ቢከሰስ አይገረሙ፤ የአንድነት ዋስ፣ ማለትም ከተበዳሪው እኩል ኃላፊ የሆነ ዋስ፣ ከተበዳሪው በፊት ሊከሰስ ይችላል። ደረሰኞቹን ቅጂ ይስጡት።

10 ዓመት አልፎታል ብለው በይርጋ (በክስ የጊዜ ገደብ) ከመከራከርዎ በፊት የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ይዩ፤ አንዲት ወርሃዊ ክፍያ ቆጠራውን እንደ አዲስ ታስጀምረዋለች።

የመጨረሻውን ወር ከፍለው ሲጨርሱ የውሉን ዋና ቅጂ፣ ቼክ ካለ ቼኩንና «ዕዳ የለበትም» የሚል የተፈረመ ወረቀት ይቀበሉ፤ መዝገብ ከነበረም የተዘጋበትን ትእዛዝ ግልባጭ ከሬጅስትራር ያውጡ።