«ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ የሚታለፈው የወንድ ልጅ ሕመም

ልጅ ጥርስ ሲያበቅል ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ሳል ሲይዘው ለአክስትም ለአያትም ይደወላል። የዘር ፍሬው ሲያብጥ ግን ቤቱ ዝም ይላል። እናት ማንሳት ታፍራለች፤ አባት «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። በዚህ መሀል የሚያልፈው ጊዜ ነው የሚያሳዝነኝ። ቤተሰብ የሚሳሳትባቸው አምስት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

«ሆዴን አመመኝ» ሲል ሆዱን ብቻ ማየት

ከሁሉም የሚያስቸኩለው ይህ ነው። የዘር ፍሬ የተንጠለጠለበት ገመድ ሊጠመዘዝ ይችላል። ያኔ ደም አይደርሰውም። በብዛት የሚይዘው ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ነው፤ አራስም ላይ ይታያል። ሕመሙ ድንገት ይመጣል፤ ከእንቅልፍ ሊቀሰቅስ ይችላል። ያስመልሳል። ልጁ ግን የ13 ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ለእናቱ ምን ብሎ ይንገራት? «ሆዴን» ይላል። እሷም ዝንጅብል ታፈላለታለች። እስኪነጋ ይጠበቃል።

ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካገኘ፣ የዘር ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከ12 ሰዓት በኋላ ተስፋው በጣም ይመነምናል። ስለዚህ «ቆለጥህንስ ያምሃል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። አዎ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ። ማደንዘዣ ሊሰጠው ስለሚችል ምግብም መጠጥም አይስጡት። ወጌሻም አይሸው። «ኳስ መታኝ» ቢልም፣ ሕመሙ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ያው ይሂዱ።

ያልወረደውን መጠበቅ

ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ 100 ወንዶች 3 ያህሉ የዘር ፍሬያቸው ከሆድ ወደ ቆለጥ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ይወለዳሉ። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ በጣም ይበዛል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ይወርዳል። 6 ወር ካለፈ ግን መጠበቁ አይጠቅምም። ቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል። ሆድ ውስጥ ያለው ሙቀት ዘር የሚያመርቱትን ሴሎች ይጎዳል። ሲያድግ ለካንሰር የመጋለጥ ዕድሉም ከፍ ይላል፤ ከጉርምስና በፊት ማውረድ ይህን ይቀንሰዋል። ሊያገባ ሲል ይታያል ማለት በጣም መዘግየት ነው።

ቤት ውስጥ ሲያዩ ሞቅ ባለ ውሃ ካጠቡት በኋላ ይሁን፤ ብርድ ወደ ላይ ይስበዋል። ልጁን በ8 ቀኑ የምታስገርዙ ደግሞ ባለሙያው ሁለቱም መውረዳቸውን ዳስሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።

እብጠትን ሁሉ ቡአ ማለት

ውሃ የቋጠረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ሲያለቅስ የሚያብጥ፣ ሲተኛ የሚመለስ የብሽሽት እብጠት ግን አንጀት የሚወርድበት ነው። ይህ በራሱ አይድንም፤ ይሠራለታል። ጠንክሮ አልመለስ ካለ ወይም ካስመለሰው ወዲያውኑ ይሂዱ።

ስለማያመው መተው

በልጆች የዘር ፍሬ ላይ ዕጢ ብርቅ ነው። ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ አያምም፤ ጠንከር ያለ ነገር ብቻ ይዳሰሳል። ዙሪያውን ውሃ ሊቋጥርም ስለሚችል «ውሃ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አልትራሳውንድ ይለየዋል። የደም ምርመራም ይታዘዛል፤ አንዱ አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባለውን፣ አንዳንድ ዕጢዎች የሚያመነጩትን ፕሮቲን ይለካል። በሕፃናት ላይ በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል ቁጥሩን ብቻ አይተው አይደንግጡ። በመርፌ ለናሙና ይወጋ ከተባለ፣ መጀመሪያ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ይየው። ዕጢው የሚወጣው በብሽሽት በኩል ነው እንጂ ከረጢቱን በመውጋት አይደለም። ከዚህ በፊት የደም ካንሰር ታክሞ የነበረ ልጅ ካበጠበት ደግሞ ለሚከታተለው ሐኪም ቶሎ ይንገሩ፤ በሽታው እዚያ ሊመለስ ይችላል።

«መካን ይሆናል» ብሎ ቀዶ ሕክምናውን መሸሽ

ከጉርምስና በፊት ከሚታዩት ዕጢዎች ብዙዎቹ ካንሰር አይደሉም፤ አንዳንዴም ዕጢው ብቻ ወጥቶ የዘር ፍሬው ይተርፋል። አንዱ ቢወጣ እንኳ ሌላው ጤነኛ ከሆነ መውለድ ይችላል። ጎረምሳ ሲሆን ምን እንደተሠራለት ይንገሩት። ራሱን በየወሩ መዳሰስም ያስተምሩት።