ቶፉ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ (አይብ ማውጣት የምታውቁ አይከብዳችሁም)

አናንዴል፣ ቨርጂኒያ ኮሪያውያን የበዙበት ሰፈር ነው፣ እዛ አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ስሰራ ነው ቶፉ፣ ማለት ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሳይ ምግብ፣ መስራት የለመድኩት። ያስተማሩኝ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ሁላችንም ሃልሞኒ እንላቸዋለን፣ በኮሪያኛ አያት ማለት ነው። ሱቁ ሁሉ ቶፉ ሞልቶት ለምን ይለፋሉ ስላቸው፣ ልጅ እያሉ ጠዋት ጠዋት ቶፉ ሻጩ ቃጭል እያቃጨለ ሲመጣ ሳህን ይዘው ይሮጡ እንደነበር ነገሩኝ፣ የፓኬቱ ያ ሽታ የለውም አሉኝ። ትኩሱን የቀመሰ ይገባዋል።

300 ግራም አኩሪ አተር ሌሊቱን ዘፍዝፉ። ጠዋት አጥባችሁ በ2 ሊትር ውሃ በብሌንደር ፍጩት። ውድ ማሽን አያስፈልግም፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ መንግስት በጦርነቱ ምክንያት የጃፓን ዘር ያላቸውን ነዋሪዎች ከቤታቸው አንስቶ ካምፕ ሲያጉራቸው ማንዛናር ካምፕ ውስጥ ሳይቀር ቶፉ ተሰርቷል።

ትልቅ ድስት ላይ ጣዱት፣ በጣም ስለሚገነፍል ከግማሽ በላይ አትሙሉት። አረፋው ሲነሳ ፈላ ብላችሁ እንዳታወጡት፣ እሳቱን ቀንሳችሁ እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ ይብሰል፣ ጥሬው ሆድ ያማል። ከዛ በአቡጀዲ አጥሉት። ጨርቁ ውስጥ የሚቀረውን አትድፉት፣ ቢጂ ይባላል፣ ኮሪያውያን በኪምቺ (በቅመም የተብላላ ጎመን) ወጥ ይሰሩበታል።

አሁን ዋናው ነገር። ወተቱን የሚያረጋው ኒጋሪ ነው፣ ከባህር ጨው የሚወጣ መራራ ነገር፣ ኮሪያውያን ጋንሱ ይሉታል። የሃልሞኒ እናት የጨው ጆንያ ሰቅለው ከስር በእንስራ ያጠራቅሙት ነበር፣ ዛሬ የእስያ ሱቅ ደረቁ በፓኬት ይሸጣል። በሎሚም ይረጋል ግን ይጎመዝዛል፣ እኔ አልወደውም።

2 የሻይ ማንኪያ ኒጋሪ በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። የተጠለለውን ወተት መልሳችሁ አሙቁትና አውርዱት፣ ወደ 75 ወይ 80 ዲግሪ ሲወርድ የበጠበጣችሁትን ሲሶውን ብቻ በጭልፋ ጀርባ ላይ ቀስ አርጋችሁ አፍስሱ፣ አንዴ ብቻ አዙሩ፣ ከድናችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ከዛ ሁለተኛውን፣ ከዛ ሶስተኛውን፣ በነዚህ ጊዜ ከላይ ከላይ ብቻ እንጂ ወደ ውስጥ አታማስሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቸኩዬ ሁሉንም ባንዴ ደፍቼ እንደ ሽሮ አማሰልኩት፣ እንደ አሸዋ ተበታተነ፣ የተረፈውንም ስጫነው ላስቲክ ሆነ። ሃልሞኒ ምንም አላሉኝም፣ ማታ ሌላ አኩሪ አተር ዘፈዘፉ። በማግስቱ ጭልፋውን ላንቀሳቅስ ስል አንጓዬን ይዘው ሰዓቱን በአገጫቸው አሳዩኝ፣ 5 ደቂቃ ሙሉ እጄን አለቀቁም። የረጋው እንደ አይብ ለብቻው ሲሆንና አጓቱ ቢጫ ሆኖ ሲጠራ ደርሷል። አጓቱ ነጭ ከሆነ ትንሽ ኒጋሪ ጨምሩ።

የተበሳሳ እቃ ውስጥ አቡጀዲ አንጥፋችሁ በጭልፋ አስገቡት፣ አንድ ኪሎ የሚሆን ነገር ጭናችሁ 20 ደቂቃ ተዉት። የተበሳ የአይስክሬም እቃ ይበቃል፣ የእንጨቱን ሳጥን አትግዙ። የሚተርፈውን ቶፉ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ግን እንፋሎቱ ሳይጠፋ በአኩሪ አተር ሶስና በተከተፈ ባሮ ሽንኩርት ብሉት፣ ሃልሞኒ ቆመው ነው የሚበሉት፣ ጨርቁን ሳይፈቱ ጥጉን በማንኪያ እየቆረሱ።