በትንሽ የተራራ ወንዝ አሳ ለሚያጠምዱ፦ ኩሬውን ከግርጌው ቅረቡት

በቦርከና ወይም በሚሌ የላይኛው ክፍል፣ ውኃው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየወረደ ትናንሽ ኩሬዎች በሚሠራበት ስፍራ አሳ የምታጠምዱ ሁሉ፣ ምንጊዜም ከታች ወደ ላይ እየወጣችሁ አጥምዱ። አሳ ምግቡን የሚያመጣለት ጅረቱ በመሆኑ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ስለሚቆም፣ ከኋላው የሚመጣውን ሰው በቀላሉ አያየውም፤ ከላይ የሚወርደውን ሰው ግን ጥላውና ኮቴው ስለሚቀድሙት፣ መንጠቆው ውኃ ሳይነካ አሳው ድንጋይ ሥር ይገባል።

መንጠቆውን ከኩሬው ራስ፣ ፈጣኑ ውኃ ከዝግተኛው በሚገናኝበት መስመር ላይ ጣሉና ክሩን ሳትወጥሩ እንደ ወደቀ ቅጠል ከጅረቱ ጋር እንዲወርድ ተዉት። ክሩ ድንገት ቆም ካለ ወይም ወደ ጎን ከተሳበ ዘንጉን ወዲያው ቀና አድርጉ። ማጥመጃ ለመምረጥ ደግሞ ከወንዙ አንድ ድንጋይ ገልብጣችሁ ከሥሩ የተለጠፉትን የነፍሳት እጮች ተመልከቱ፤ በመጠንና በቀለም እነሱን የሚመስል ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከወፍራም ትል ይሻላል።

በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች፣ ትራውት የሚባለውን አሳ ከላባና ከክር በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚከተሉትም ይህንኑ ዘዴ ነው።

በክረምት ውኃው ስለሚደፈርስ ጥቅምትን መጠበቅ ይበጃል። ቀንድ አውጣ በሚታይበት ዝግ ባለ ውኃ ውስጥ ግን ቢልሃርዝያ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እግር አትግቡ።