አድ-ኢኖች ሲጋጩ፦ ኤክሴልን አጥፍታችሁ ከመጫናችሁ በፊት

ኤክሴል ሲያስቸግር ብዙ ሰው አጥፍቶ እንደገና ወደ መጫን ይሮጣል። ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአድ-ኢኖች ነው፤ እነሱም ኤክሴል ላይ የደረብናቸው ተጨማሪ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። እነሱ እንዳሉ ከቀሩ ችግሩም ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። የኮንትሮል ቁልፍን ተጭናችሁ ሳትለቁ ኤክሴልን ክፈቱ። በሴፍ ሞድ ልክፈት ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ በሉት። አድ-ኢኖቹ ሳይነሱ ይከፈታል። ችግሩ ከጠፋ ወደ እነሱ እንሂድ። ካልጠፋ ፋይሉን ራሱን መርምሩ።

ምልክት፦ ኤክሴል ሲከፈት ወይም ስራ መሀል በድንገት ይዘጋል

ዊንዶውስ ላይ ኢቨንት ቪውርን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ የደረሰውን ችግር የሚመዘግበውን ፕሮግራም ክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ አፕሊኬሽን ውስጥ ግቡ። ኤክሴል በተዘጋበት ሰዓት የተመዘገበውን ኤረር ፈልጉ። ውስጡ "ፎልቲንግ ሞጁል ኔም" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ የአንዱ አድ-ኢን ፋይል ስም ካለ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው። የኤክሴል ወይም የዊንዶውስ ፋይል ከሆነ ግን አድ-ኢኖቹ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። ፍለጋው ይቀጥላል።

ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ በሉ። ከታች "ማኔጅ" ከሚለው ጎን "ኮም አድ-ኢንስ" መርጣችሁ "ጎ" ተጫኑ። ስትጨርሱ "ኤክሴል አድ-ኢንስ" የሚለውንም እዩ። ዝርዝሩ ለየብቻ ነው፤ አንዱን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ግማሾቹን አጥፉ፣ ኤክሴልን ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ እንደገና ክፈቱ። ችግሩ ካለ ከቀሩት ግማሹን አጥፉ። ከጠፋ ተጠርጣሪው ካጠፋችኋቸው መሀል ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ግጭት ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሁለቱም ለየብቻ ሲነሱ ደህና ሆነው አብረው ሲነሱ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። "አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ ሁሉም ይሰራል" ካላችሁ ፍለጋው አላለቀም። አንዱን እንደበራ ትታችሁ ሌሎቹን በየተራ ከሱ ጋር አብሩ። ጥንዶቹ ሲገኙ ሁለቱንም አፕዴት አድርጉ። ያም ካልሰራ ብዙም የማትጠቀሙበትን አጥፍታችሁ ስትፈልጉት ብቻ አብሩት።

ምልክት፦ ቁጥር ቀየራችሁ፣ ድምሩ ግን አልተቀየረም

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ምንም የስህተት መልእክት ስለማይመጣ የተሳሳተ ሪፖርት ሳይታወቅ ይወጣል። አንዳንድ አድ-ኢኖች ስራቸው እንዲፈጥን ስሌቱን ለጊዜው ወደ ማንዋል፣ ማለትም ራሳችሁ ካላዘዛችሁት ወደማይሰላበት ሁኔታ ይቀይራሉ። መሀል ላይ ሌላው ሲያደናቅፋቸው ሳይመልሱት ይቀራሉ። ፎርሙላስ፣ ካልኩሌሽን ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ "አውቶማቲክ" በሉት።

ይህ ብቻ አይበቃም። በማንዋል እንዳለ ሴቭ የተደረገ ፋይል ያንኑ ሴቲንግ ይዞ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱ ከሆነ፣ ከሱ በኋላ የምትከፍቷቸውም በማንዋል ይሰራሉ። አውቶማቲክ ካደረጋችሁ በኋላ ፋይሉን ሴቭ አድርጉት።

ምልክት፦ "አንዱ" (Undo)፣ ማለትም የሰራነውን ወደኋላ የሚመልሰው ቁልፍ፣ ፈዝዞ አይሰራም

ማክሮ (ትዕዛዞችን በራሱ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም) ሺቱ ላይ አንድ ነገር ከለወጠ ኤክሴል ወደኋላ የመመለሻ ታሪኩን ይጥለዋል። ሴል በመረጣችሁ ቁጥር ረድፉን የሚያቀልም ወይም በጻፋችሁ ቁጥር ፎርማት የሚያስተካክል አድ-ኢን ካለ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ያን አገልግሎት ብቻ አጥፉት። አድ-ኢኑን መጣል አያስፈልግም።

ምልክት፦ አቋራጭ ቁልፉ ሌላ ስራ ይሰራል

ሁለት አድ-ኢኖች አንድ ቁልፍ ይዘዋል፤ ብዙ ጊዜ በኋላ የያዘው ያሸንፋል። የአንዱን ከሴቲንጉ ቀይሩ።

ምልክት፦ ፎርሙላው ውስጥ ረጅም የፎልደር አድራሻ ገብቷል

አድ-ኢኑ ሌላ ቦታ ከነበረበት ኮምፒውተር የመጣ ፋይል ነው። ዳታ ውስጥ "ኤዲት ሊንክስ" (በአዲሶቹ ቅጂዎች "ወርክቡክ ሊንክስ") ግቡ። "ቼንጅ ሶርስ" ብላችሁ እናንተ ጋ ያለውን አድ-ኢን አሳዩት።

ምልክት፦ የአድ-ኢኑ ታብ ከነጭራሹ ጠፍቷል

ኤክሴልን ዘግቶት ስለነበር ታግዶ ይሆናል። ከላይ ባየነው "ማኔጅ" ጋ "ዲሴብልድ አይተምስ" መርጣችሁ መልሱት። እዚያ ከሌለ ኤክሴሉ 64 ቢት፣ አድ-ኢኑ ደግሞ ለ32 ቢት የተሰራ እንዳይሆን አጣሩ። እንዲህ ከሆነ ለ64 ቢት የተሰራውን ቅጂ አውርዱ።