ሁለት የመርከብ ጉዞዎችን አከታትለው ሲይዙ በመካከል ያለውን የወደብ ቀን እንዴት እንደሚያሳልፉ

በአንድ የመዝናኛ መርከብ ላይ ሁለት ጉዞዎችን አከታትሎ የሚያደርግ መንገደኛ፣ የመጀመሪያው አልቆ ሁለተኛው እስኪጀመር ድረስ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ቀን ይገጥመዋል። መርከቡ ንጋት ላይ ወደብ ይደርሳል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነባሮቹ መንገደኞች ይወርዳሉ፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ አዲሶቹ መሳፈር ይጀምራሉ፤ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ገመዱ ተፈትቶ ጉዞው ይቀጥላል። በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻንጣዎች ወርደው ሌሎች ይጫናሉ፣ አንሶላው ሁሉ ይለወጣል፣ ስንቅና ነዳጅ ይሞላል። በዚህ ግርግር መካከል ሳይሄድ የሚቀረው ሰው የትራንዚት መንገደኛ ይባላል። ቀኑ ዕረፍት ወይም ድካም የሚሆነው ከሞላ ጎደል በዋዜማው በተደረገው ዝግጅት ነው።

ዝግጅቱ ግን ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ቦታ ሲያዝ መጀመር አለበት። በመጀመሪያ ሁለቱ ጉዞዎች አብረው መያዝ የሚፈቀዱ መሆናቸውን ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የአሜሪካ የመንገደኛ መርከቦች ሕግ፣ የሌላ አገር ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልብ መርከብ ሩቅ ተብሎ የተመደበ የውጭ ወደብ ሳይነካ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አሳፍሮ በሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያወርድ ይከለክላል። ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር ላይ የሚያበቃ ጉዞ ለብቻው ሲታይ ችግር የለበትም፤ ከቫንኩቨር ተነስቶ አላስካ ውስጥ ሲዋርድ ላይ የሚያበቃውም እንዲሁ። ሁለቱን በአንድ መርከብ ያከታተለ ሰው ግን በሕጉ ዓይን ከሎስ አንጀለስ ወደ ሲዋርድ እንደተጓዘ ይቆጠራል፤ ካናዳ ከሩቅ አገር ስለማትመደብም ቫንኩቨር ላይ ለጥቂት ሰዓት መውረዱ አያድነውም። ከማያሚ ተነስተው ወደ ማያሚ የሚመለሱና በየመንገዳቸው የውጭ ወደብ የሚነኩ ሁለት ጉዞዎችን ማከታተል ግን በዚህ በኩል አያሰጋም።

ቀጥሎ ቪዛዎን ይመልከቱ። ከባርሴሎና ተነስቶ ቱኒዚያን ወይም ቱርክን ነክቶ በሚመለስ መርከብ ላይ ያለ ሰው ከሸንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ወጥቶ እንደገና እየገባ ነው። ሁለት ጉዞ ሲሆን ደግሞ መውጣትና መግባቱ ይደጋገማል። ስለዚህ ቪዛ የሚያስፈልገው ተጓዥ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መያዝ ይኖርበታል። ለሁለተኛው ጉዞ በኢንተርኔት የሚደረገውን ምዝገባም ከቤት ሳይወጡ ይጨርሱ፤ መርከብ ላይ ሆኖ ማድረግ ይቻል ይሆናል፣ ነገር ግን በደካማ ኢንተርኔት የፓስፖርት ፎቶ ለመላክ መታገል አስፈላጊ ያልሆነ ድካም ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ እንግዳ መቀበያው ጎራ ይበሉና የትራንዚት መንገደኛ መሆንዎን ይንገሩ። አብዛኛውን ጊዜ ስምዎ በዝርዝራቸው ውስጥ ይገኛል፤ ሁለቱን ጉዞዎች በተለያየ ጊዜ ወይም በተለያየ ወኪል በኩል የያዘ ሰው ግን ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። በዚሁ ጊዜ የሂሳብ ዝርዝርዎን ጠይቀው ይመርምሩ። የመጀመሪያው ጉዞ ሂሳብ ተዘግቶ ለሁለተኛው አዲስ ስለሚከፈት፣ ስህተት ካለ ሳይዘጋ ማረም ይቀላል። የኢንተርኔትና የመጠጥ ጥቅሎችም በአብዛኛው ከጉዞው ጋር አብረው ያበቃሉ። የሚታጠብ ልብስ ካለዎት ለመጨረሻው ቀን አያቆዩት።

በዋዜማው ክፍልዎ ውስጥ ደብዳቤ ይቀመጥልዎታል። በየትኛው አዳራሽ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰበሰቡና ምን ይዘው እንደሚመጡ የሚገልጸው እሱ ነውና ሌላው ቢቀር ይህን ወረቀት በጥንቃቄ ያንብቡት።

በሁለቱም ጉዞ ክፍልዎ አንድ ከሆነ ዕቃዎን ባለበት መተው ይችላሉ፤ አልጋና ወለል ላይ የተበተነውን ብቻ ሰብስበው ለጽዳት ያመቻቹ። ክፍል የሚቀይሩ ከሆነ ግን ሥራው ይበዛል፤ እኔ ብዙ ሰው ሲቸገር ያየሁትም እዚህ ላይ ነው። የታጠፈውን ልብስ በሻንጣ ያስገቡ፤ የተሰቀለውን ግን ብዙ ጊዜ ማጠፍ አያስፈልግም፤ የክፍሉ አስተናጋጅ ከነመስቀያው በክንዱ ላይ ደርድሮ ወደ አዲሱ ክፍል ይወስደዋል። ሻንጣው ላይ የአዲሱ ክፍል ቁጥር በጉልህ መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ ከሚወርዱት ሻንጣዎች ጋር ተቀላቅሎ ተርሚናሉ ውስጥ ይገኛል። ከዚያም ካዝናውን ከፍተው እስከ ጥጉ በእጅዎ ይዳስሱ፤ ጌጥና የታጠፈ ገንዘብ ለዓይን በማይታየው ጨለማ ጥግ ይቀራል። የመታጠቢያ ቤቱን በር ጀርባና የአልጋውን ሥር ማየትም አይርሱ።

አዲሱ ክፍል እስከ ቀትር በኋላ ላይከፈት ስለሚችል አንድ የእጅ ቦርሳ ለብቻው ያዘጋጁ። ፓስፖርት፣ የክፍል ካርድ፣ የሁለተኛው ጉዞ መሳፈሪያ ወረቀት፣ የዕለቱ መድኃኒት፣ ስልክና ቻርጀር፣ እንዲሁም ቀለል ያለ ሹራብ ይያዙ። መድኃኒት በምንም ምክንያት ወደሚወሰደው ሻንጣ አይግባ።

ጠዋት ቀደም ብለው ቁርስ ይብሉ። የመመገቢያ ቦታዎች በዚህ ቀን ከወትሮው ፈጥነው ይዘጋሉ። ከቡፌው ያነሱትን ፍራፍሬ ወይም ሥጋ ያለበትን ዳቦ ግን ቦርሳ ውስጥ አያስገቡ፤ እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ሳያሳውቁ ይዞ መውረድ ያስቀጣል።

በተባለው ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ይገኙ። በአሜሪካ ወደቦች አሠራሩ ጥብቅ ነው፤ የመጨረሻው መንገደኛ ወርዶ መርከቡ ላይ የቀረው ሰው ቁጥር ዜሮ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አንድም አዲስ መንገደኛ አይሳፈርም። የትራንዚት መንገደኞች በቡድን ሆነው በሠራተኛ እየተመሩ ይወርዳሉ፣ በኢሚግሬሽን በኩል ያልፋሉ፣ ተርሚናሉ ውስጥ ትንሽ ይቆያሉ፣ ከዚያም ከአዲሶቹ ቀድመው ይመለሳሉ። አንድ ሰው እንቅልፍ ጥሎት ክፍሉ ውስጥ ቢቀር ስሙ በድምጽ ማጉያ ደጋግሞ ይጠራል፤ ሌሎቹ የትራንዚት መንገደኞች፣ አረጋውያንና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ እሱ እስኪገኝ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰዓት ማክበርን አጥብቄ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ የአውሮፓ ወደቦች ግን ካርድ መቀየር ብቻ ይበቃ ይሆናል፤ መውረድም ላያስፈልግ ይችላል።

ቀኑን የት እንደሚያሳልፉ ግን ምርጫው የእርስዎ ነው። ከተማውን ማየት ከፈለጉ ከሌሎቹ ጋር ቀደም ብለው ይውረዱ፣ ፓስፖርትና የትራንዚት መንገደኛ መሆንዎን የሚያሳየውን ካርድ ይያዙ፣ የመሳፈሪያው ሰዓት ከማብቃቱ በፊትም በበቂ ጊዜ ይመለሱ፤ ሲመለሱ የተርሚናሉን ፍተሻ እንደ አዲስ ያልፋሉና። ጉብኝቱ ከወደቡ ብዙ የማይርቅ ቢሆን ይሻላል። ወደቡን ከዚህ በፊት ለሚያውቅ ሰው ግን መርከቡ ላይ መቆየትን እመርጥለታለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል በመርከቡ ላይ ከሠራተኞቹና ከጥቂት መሰሎችዎ በቀር ማንም የለም፤ ትናንት ባዶ ወንበር የማይገኝበት የላይኛው ወለል ጸጥ ይላል፣ ከባሕር ወፎችና ከጽዳት ውኃ በቀር ድምጽ አይሰማም። ሱቆቹ ግን ዝግ ናቸው፤ መዋኛውም እየጸዳ ሊሆን ይችላል። ልዩ ምግብ ቤቶችንና ትርዒቶችን ለመያዝም ምቹ ሰዓት ነው፤ የሁለተኛው ጉዞ ምግብና ትርዒት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ስለሚደግም ያላዩትን ለይተው ይያዙ።

ይህ ቀን ለክፍል አስተናጋጆች ከሁሉ የከበደ መሆኑን ያስቡ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ የተመደበላቸውን ክፍሎች ሁሉ ማጽዳት ስላለባቸው፣ ክፍልዎ ባይለወጥም እስኪጨርሱ ድረስ ባይገቡባቸው መልካም ነው። ጉርሻም የሚሰጡ ከሆነ አስተናጋጁ ሊቀየር ስለሚችል የመጀመሪያውን ጉዞ ጉርሻ በዋዜማው ይስጡ።

አዲሶቹ መንገደኞች ሲሳፈሩ የደህንነት ልምምዱ ይደገማል፤ ባለፈው ሳምንት ተካፍዬአለሁ ማለት ብዙ ጊዜ አያስቀርም። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ተላትሞ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ዕለት ከቺቪታቬኪያ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ቀድሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲደረግ ይፈቀድ የነበረው ልምምድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሱ እንዲሆን የተደረገው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። ክፍል ከቀየሩ የመሰብሰቢያ ጣቢያዎ ሊለወጥ ስለሚችል በአዲሱ ካርድ ላይ የታተመውን ምልክት አይተው፣ ከአዲሱ ክፍል እስከ ጣቢያው ያለውን ደረጃ አንድ ጊዜ በእግርዎ ይሂዱበት።